የእማማ ሙኒራን ሳሎን የገለበጥኩ ዕለት

ይህን ለመጻፍ ከዓመት በላይ አመንትቻለሁ፤ እኔ ጥሩ ሰው ሆኜ የምታይበት ታሪክ አይደለምና። ነገር ግን በዚያች ቅዳሜ ያየሁትን ብቻዬን ይዤው መኖር ከበደኝ። ስሙኝና ፍርዱን እናንተው ስጡ።

መሠረት እባላለሁ። ሀዋሳ የመጣሁት ለትምህርት ነበር። ተመርቄ ሥራ ሳጣ ወደ ደብረ ብርሃን ከመመለስ ብዬ ባህል አዳራሽ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየሁና መጋረጃ መስፋት ጀመርኩ። መጋረጃው ትራሱን ጎተተ፣ ትራሱ ሶፋውን ጎተተ፣ ቀስ በቀስ ቤት አስዋቢ ተባልኩ። ሀብታሞቹ ዲዛይነር ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ። የኔ ደንበኞች መምህራን፣ ነርሶችና ትናንሽ ነጋዴዎች ነበሩ። ያረጀ ሶፋ በርካሽ ጨርቅ አለብሳለሁ፣ የዕቃ ማሸጊያ እንጨት አስልጌ ጠረጴዛ አደርጋለሁ፣ የቀለም ቆርቆሮ አሳምሬ አበባ እተክልበታለሁ። በትንሽ አቅም ቤት ሲያምር ማየት ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ይበልጥ ደስ የሚለኝ ሰው ሲያመሰግነኝ ነበር።

የራሴ የሆነ አሠራርም ነበረኝ። ባለቤቱ በሌለበት እገባና ቤቱን በአንድ ቀን ገለባብጬ እጠብቀዋለሁ። መጀመሪያ "በፊት" የሚል ፎቶ፣ ቀጥሎ "በኋላ" የሚል ፎቶ፣ በመጨረሻ በሩ ሲከፈት የባለቤቱ ፊት በቪዲዮ። የሚያለቅሱ አሉ፣ እልል የሚሉ አሉ። ቪዲዮውን በስልኬ ስለቀው በማግስቱ ሦስት አራት ሰው ይደውልልኛል። ባለቤቱን ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ አይታሰብም፤ ሰርፕራይዙ ይበላሻላ።

አንድ ሐሙስ ከድር የሚባል ሰው ሱቄ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠራ፣ አርባን የተጠጋ፣ ከሥራው የተነሳ ይሁን ከተፈጥሮው ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ሰው ነው።

"እናቴ አዲስ አበባ እህቴን አራስ ልትጠይቅ ሄዳለች። ቅዳሜ ትመለሳለች" አለኝ። "ሠላሳ ዓመት ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሸጣ ነው ያሳደገችን። አባታችን ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሳሎኗ… እንዴት ልበልሽ፣ አንቺው ታዪዋለሽ። አቅማችን ብዙ አይደለም፤ ግን አንድ ቀን ደስ ይበላት ብዬ ነው።"

"አይዞህ፣ ስትገባ ቤቷን አታውቀውም" አልኩት።

ዓርብ ጠዋት በሩን ከፍቶልኝ ወደ ሥራው ሄደ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ስገባ ሳቄ መጣ። እንደዚያ የተዘበራረቀ ሳሎን አይቼ አላውቅም። ወለሉ ላይ ሦስት የማይገናኙ ምንጣፎች ተነጥፈዋል፤ ከበሩ እስከ ሶፋው ሰሌን፣ ሶፋው ሥር ጸጉራም ቀይ ምንጣፍ፣ ወደ ማድ ቤት በሚወስደው በኩል ደግሞ ላስቲክ። ቡፌው እንደ ሰው ቡፌ ግድግዳውን ተጠግቶ አልቆመም። ወጣ ብሎ መተላለፊያው ላይ ተገትሯል፣ ጠርዙም በአሮጌ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ግድግዳው ላይ በወገብ ከፍታ ምንም ያልተሰቀለባቸው ምስማሮች ተመትተዋል፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣ ማድ ቤቱ በር አጠገብ ሦስት። የመጋረጃው ጠርዝ ላይ የሸሚዝ ቁልፎች ተሰፍተዋል። ከሁሉ የባሰው ጆሮ የሚያደነቁር አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ነበር። ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ የቅመም ጣሳዎቹ አንገት ላይ ክር ታስሮ በየክሩ ላይ ቋጠሮ አለ፤ አንዱ ላይ አንድ፣ አንዱ ላይ ሁለት፣ አንዱ ላይ አራት።

"ምስኪን፣ እርጅና ነው" አልኩ ለራሴ። ከዚያ እያንዳንዱን ጥግ ፎቶ አነሳሁ። "በፊት" የሚለው ባስጠላ ቁጥር "በኋላ" የሚለው ያምራልና አንድም ነገር ሳላስቀር ነው ያነሳሁት።

ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። ሦስቱን ምንጣፎች ጠቅልዬ ጓሮ ያለችው የዕቃ ክፍል ከተትኩና ሳሎኑን በአንድ ወጥ ግራጫ ምንጣፍ አለበስኩት። ቡፌውን ገፍቼ ከግድግዳው አገናኘሁት፣ ጨርቁን ቀድጄ እንጨቱን ወለወልኩት። ምስማሮቹን በጉጠት ነቅዬ ቀዳዳቸውን በስቱኮ ሞላሁ። ሰዓቱን አውርጄ በቦታው ክብ መስታወት ሰቀልኩ። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዙሬ አስጠጋሁት፣ አሮጌውን መጋረጃ አውርጄ በራሴ ቀየርኩት። መሃል ላይ የራሴን ዝቅተኛ ጠረጴዛ፣ እላዩ ላይ የብርጭቆ ማሰሮ፣ ማሰሮው ውስጥ ደረቅ ሸንበቆ አስቀመጥኩ። ቅመሞቹን ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት ብልቃጦች ገልብጬ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ስማቸውን ለጠፍኩባቸው፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጨው፣ ስኳር። ሲመሽ በሩ ላይ ቆሜ አየሁትና በራሴ ኮራሁ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ባጃጅ በር ላይ ቆመች። ከድር እናቱን ከመናኸሪያ ይዟቸው መጥቶ ነበር። እማማ ሙኒራ ረዘም ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው። "እጄን ልቀቀኝ፣ ቤቴን ላጣው ነው?" እያሉ በልጃቸው ሲቀልዱ ሰማሁ። የግቢውን ደረጃ ሳያመነቱ ወጡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ ብለው ጥጉን አስይዘው አስቀመጡት። እኔ ስልኬን ደግኜ ሳሎኑ ውስጥ ቆሜያለሁ።

"አሰላሙ አለይኩም" ብለው ገቡ።

ቀኝ እግራቸው ምንጣፉን እንደነካ ቆመ። የእግራቸው ጣቶች ምንጣፉን ሲዳብሱት አየሁ። ግራ እግራቸው ተከተለ፤ እሱም ቆመ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሆነ ነገር ያዳመጡ መሰሉ። ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ከድር" አሉ። "የማን ቤት ነው ያስገባኸኝ?"

ከድር በደስታ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እስከዚያ ቀን ከቀረጽኩት ሁሉ የሚበልጥ ንግግር ነበር።

"ያንቺው ነው እማዬ። ግቢና ተቀመጪ እንጂ።"

ራሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሶፋው ወደነበረበት ቦታ በሙሉ እምነት ተራመዱ። ሶፋው ግን እዚያ የለም። ጉልበታቸው ከጠረጴዛዬ ጋር ተጋጨ፣ ማሰሮው ተንከባሎ ተሰበረ፣ እሳቸውም በእጃቸው ተደግፈው ተንበረከኩ።

"ጉዞው አድክሞኝ ነው" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ከድር ሊያነሳቸው ሲሮጥ በእጃቸው ከለከሉት። ተነሡና ግድግዳውን በቀኝ እጃቸው ያዙ። ጣቶቻቸው በወገብ ከፍታ እየዳበሱ ሄዱ፣ ሄዱ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ትናንት ምስማር ነቅዬ የደፈንኩት ቦታ ላይ ነበር። ገና በደንብ ያልደረቀውን ስቱኮ ነካ ነካ አደረጉት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከድር ግን ፊታቸውን ትክ ብሎ እያየ ነበር። "እማዬ" አለ በዚያ ዝቅተኛ ድምፁ። "የለበስኩት ሸሚዝ ምን ዓይነት ነው?"

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ነጭ ነዋ።"

ከድር በየሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነጭ ለብሶ ነው እናቱ ዘንድ የሚመጣው። ያን ቀን ግን ቅዳሜ ነበር፤ የለበሰውም አረንጓዴ ነው።

ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እማማ ሙኒራ ድምፁን ተከትለው መጡና አጠገቡ ቁጭ አሉ።

"ሁለት ዓመት ሆነኝ" አሉ። "የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም አሉኝ። ሱቁን ጉልበቴን አመመኝ ብዬ የዘጋሁት ለዚህ ነው።"

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ልትወስዱኝ?"

"በየሳምንቱ እየመጣሁ እንዴት…" አለና ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፣ የምስክርነት ቃል የሚሰጥ ይመስል። "አንድ ቀን ከተቀመጥኩበት አስነስታኝ አታውቅም። ውሃ ልቅዳ ስል፣ ሳህን ልመልስ ስል፣ 'ተቀመጥ፣ እንግዳ አይነሳም' ትለኛለች። ክብር መስሎኝ እቀመጣለሁ።"

በኛ አገር እንግዳ ተቀምጦ ይስተናገዳል፤ ልጅም ቢሆን ቤት ለይቶ ከወጣ በኋላ እንግዳ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እኚህ እናት ልጆቻቸውን በክብር ሶፋ ላይ አስቀምጠው፣ ሳያዩ አብልተው አጠጥተው ሸኝተዋቸዋል። ማንም አላወቀም።

ከድር ለእህቱ ለፈቲያ ደወለና ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተ። ሲነግራት ጮኸች። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ሕፃኑን ታቅፋ ከሶፋ ሳትነሳ የከረመችው ለዚህ ነው! እኔ እኮ ፍቅር መስሎኝ ነው። ነገውኑ ይዘሃት ና። ቤቱን እናከራየዋለን፤ ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም።"

"እሺ" አለ ከድር። "ነገ ይዣት እመጣለሁ።"

እማማ ሙኒራ አልተቆጡም። "ልጆቼ" አሉ። "እኔ የታወርኩት እዚያ ፈቲያ ቤት ተቀምጬ የሰው እጅ ስጠብቅ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ዓይን አለኝ።" ከዚያ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ "ነበረኝ" አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዓይናቸውን በጉጠት የነቀልኩት እኔ ነበርኩ።

"እማማ፣ መሠረት እባላለሁ፤ ቤትዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ዕቃዎቹ በሙሉ ጓሮ አሉ። እያንዳንዱ የት እንደነበረ ፎቶ አለኝ። እስከ መግሪብ ጊዜ ይስጡኝ።"

ወደ ድምፄ ዞሩ። "ቀድመሽ ሰዓቴን ስቀዪልኝ" አሉ።

መስታወቴን አውርጄ ሰዓቱን ሰቀልኩ። ያ ትናንት ያደነቆረኝ ድምፅ ሳሎኑን ሲሞላው ትከሻቸው ወረደ፣ ትንፋሻቸው ተመለሰ። "አሁን የት እንዳለሁ አወቅሁ" አሉ። "ከጀርባዬ ሲመታ ፊቴ ወደ በሩ ነው። በግራ ጆሮዬ ሲሆን መኝታ ቤት እየሄድኩ ነው። ሲርቅ ማድ ቤት ገብቻለሁ ማለት ነው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በምን ቃል ልንገራችሁ። ከድር ዝም ብሎ ቡፌውን ይገፋል፣ እኔ ስልኬን እያየሁ አስቀምጣለሁ፣ እሳቸው መሃል ቆመው እያንዳንዱ ነገር ለምን እዚያ እንዳለ ይነግሩናል። ሦስቱ ምንጣፎች ለእግራቸው ነበሩ። ሰሌን ሲረግጡ መግቢያው ላይ ናቸው፣ ጸጉራሙን ሲረግጡ ሶፋው አጠገብ፣ ላስቲኩን ሲረግጡ እሳት ቅርብ ነው። ምስማሮቹ ለእጃቸው ነበሩ። "አንድ ከሆነ እታጠፋለሁ፣ ሁለት ከሆነ በር አለ፣ ሦስት ከሆነ ምድጃ አለ፣ ቀስ በይ ሙኒራ" አሉ። የመጋረጃው ቁልፎች ፊቱን ከጀርባው ይለዩላቸዋል። "ገልብጬ ሰቅዬው ጎረቤት እንዳይስቅብኝ ነው፤ ጨርቅ ሻጭ ነበርኩ እኮ።"

"ቡፌው ለምን ወጣ አለ?" አልኳቸው።

"ትኩስ ነገር ይዤ ከማድ ቤት ስወጣ እጄ ስለማይተርፍ በጎኔ እየታከክኩት አልፋለሁ።"

"ጠርዙ ላይ ያለው ጨርቅስ?"

"እሱ ለኔ አይደለም። ለከድር ልጆች ጭንቅላት ነው።"

ይህን ሁሉ ያደረጉት ብቻቸውን ነው፤ ጭላንጭል እያለላቸው። የመጨረሻው ብርሃን ሳይሄድ በፊት በየቀኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ቤቱ ውስጥ ይራመዱ ነበር። በተጋጩበት ቦታ ሁሉ አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ ወይ ምስማር፣ ወይ ምንጣፍ፣ ወይ ቋጠሮ። ዓይናቸው ሲጨልም ቤቱ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ለዚያ ሁሉ የወጣው ከሱቃቸው የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ፣ አሮጌ ምንጣፍና አንድ እፍኝ ምስማር ነው። እኔ በፎቶው መሠረት ምስማር ስመታ እሳቸው በጣታቸው እየለኩ "ሁለት ጣት ዝቅ አድርጊው" ይሉኛል። ዝቅ አድርጌ ስመታው ልክ ይሆናል። አድናቆት የሚባለውን ነገር እስከዚያ ቀን የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

መጋረጃዬን ሳወርድ ጫፉን ያዝ አደረጉት። "ይሄን ምን ብሎ ሸጠልሽ?"

"ሐር ነው ብሎ።"

"ፖሊስተር ነው ልጄ። ሐር ቢሆን በእጄ ይሞቅ ነበር። እኔን ሳትይዢ ገበያ አትውጪ" አሉና ሳቁ። ከድርም እንባው ሳይደርቅ ሳቀ።

ዕቃው ሁሉ ቦታው ሲመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ከድር ግን ሐሳቡን አልለወጠም። "ቤት ውስጥ መራመድ ሌላ፣ ብቻን መኖር ሌላ" አለ። "እሳት አለ። የፈላ ውሃ አለ።"

"ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝተህልኛል አይደል?" አሉት። "ስገባ ሸቶኛል። ምሳ አልበላችሁም፤ ተቀመጡ።"

ተነሥተው በላስቲኩ ላይ ሄዱ። ከድር ሊከተላቸው ሲል "እንግዳ አይነሳም" አሉት፣ ጀርባቸውን እንደሰጡት። በሩ ክፍት ስለነበር ሁለታችንም እናያቸዋለን። ሦስቱን ምስማሮች ነካ አደረጉና እርምጃቸውን ቀነሱ። የጣሳዎቹን ክር በጣታቸው ቆጥረው ጨውና በርበሬ አወጡ። ዘይቱ መጥበሻው ላይ ሲግል ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት። ዓሣውን በሹካ ከጎን አንሸራትተው አስገቡት፤ አንዲት ጠብታ አልተረጨባቸውም። ከድር የሶፋውን ጠርዝ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ሲበስል በጢሱ ጠረን አወቁት።

ቡፌውን በጎናቸው እየታከኩ ሳህኖቹን ይዘው መጡ። አንዱን በኔ ፊት፣ አንዱን በልጃቸው ፊት አስቀመጡ። "ሎሚው በቀኝህ ነው" አሉት።

በላን። በሕይወቴ ከበላሁት ዓሣ ሁሉ የጣፈጠኝ እሱ ነው፤ ጨው አላነሰውም፣ አላረረም። ማዕዱ ሳይነሳ ፈቲያ ደወለች።

"ትኬት ቆረጥክ?"

ከድር እናቱን አያቸው። እሳቸው ጥያቄውን ሰምተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሸሹት የኖሩት ቀን እንደመጣ ፊታቸው ላይ ይታያል።

"አልቆረጥኩም" አለ ከድር። "እማዬ የትም አትሄድም። አንቺ ነይና እያት። ጠዋትና ማታ እየደወልኩላት፣ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ብቅ እላለሁ። ደግሞ ከእንግዲህ ሳህኑን የማጥበው እኔ ነኝ፣ እንግዳ ነህ ብትለኝም አልሰማትም።"

እማማ ሙኒራ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው አለቀሱ።

አንባቢዎቼ፣ "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም" ይባላል። እኔ አጥር ስነቀንቅ ነው የኖርኩት። ያን ቪዲዮ ያኔውኑ አጠፋሁት፤ ከዚያ ወዲህም ሰው በሌለበት ቤቱን ገልብጬ አላውቅም። አሁን መጀመሪያ የምሠራው ሥራ አለ፤ ባለቤቱን ከአልጋው እስከ በሩ ከፊቴ እንዲሄድ አደርግና ከኋላው እከተላለሁ። አስቀያሚ ነገር ሲገጥመኝ ከመንካቴ በፊት "ይሄ ለምንድነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። በቅርቡ አንዲት ነርስ ቤት ወንበሯን ፊቱን ወደ ባዶ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት። ብጠይቃት፣ ከአዳር ሥራ ስትመለስ ምንም ነገር ሳታይ የምትቀመጥበት እሱ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ትራስ ብቻ ሰፍቼለት ወጣሁ። ሰው ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ሳታውቁ ምቹ ቤት ልትሠሩለት አትችሉም። ይህን ያስተማሩኝ ካገኘኋቸው ቤት አስዋቢዎች ሁሉ የሚበልጡት፣ አንድም ነገር የማያዩት ሴት ናቸው።

በሳምንቱ እማማ ሙኒራ ደወሉልኝ። "መሠረት፣ ቀለም ሲቀባ ዕቃ ከቦታው አይነሳም አይደል?" አሉኝ።

"ሸፍነን እንቀባለን። ምንም አይነሳም።"

ወዲያው ሄድኩ። ሶፋው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "እንግዲህ ንገሪኝ" አሉ። "ግድግዳዬ አሁን ምን ይመስላል? ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። የሚያይ ሰው የገዛ ግድግዳውን ቀለም ሰው አይጠይቅማ።"

"ክሬም ነበር፤ ጠቁሯል" አልኳቸው። "ሶፋው ጀርባ ላይ ተላልጧል።"

"እንዳትዋሺኝ ደግሞ። ሁሉንም ንገሪኝ።"

ከበሩ ጀምሬ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የመስኮቱን ብረት ዝገት፣ ሶፋው ላይ የፈሰሰውን ሻይ፣ የቀዩን ምንጣፍ ድምቀት። እየሳቁ፣ እያፈሩ፣ አንዳንዴም "እውነትሽን ነው?" እያሉ አዳመጡኝ። ቡፌው ጋ ስደርስ ክንዴን ያዙኝ።

"እላዩ ላይ የባለቤቴ ፎቶ አለ" አሉ። "ደብዝዟል?"

ተነሥቼ ቀርቤ አየሁት። ዳር ዳሩን ፀሐይ በልቶታል፤ ፊቱ ግን አልተነካም።

"ደህና ናቸው" አልኳቸው። "ይስቃሉ።"